ሰርግ ላይ ድምፃዊው ጠፍቶ ኢኮው ብቻ ቀረ (ስቴሪዮ ዲሌይና ሪቨርብ)

ጮቄ ቢት (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የችክችካ ዘፈን ሚክስ ላይ ሦስት ነገር እምቢ ብሎኛል። ዝርዝሩን ሳልደብቅ ልጻፈው፣ የምታውቁ አርሙኝ።

ፕሮግራሙ ሪፐር ነው፣ 48 ኪሎሄርዝ፣ 24 ቢት። ዘፈኑ አምባሰል ነው፣ ከሬ (D) የሚነሳ። ምቱ 6/8 ሆኖ ዋናው ምት በደቂቃ 125 ነው፤ ፕሮጀክቱን ግን 4/4 በ125 አድርጌ ነው የከፈትኩት። ትራኮቹ፦ ወንድ ድምፅ፣ ሦስት ሴት ተቀባዮች፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታር፣ ጭብጨባ።

ድምፁ ላይ ስቴሪዮ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ በግራና በቀኝ የሚመልስ ኢኮ) አለ፤ ግራው አንድ ስምንተኛ፣ ቀኙ ባለ ነጥብ አንድ ስምንተኛ፣ ፊድባክ (ኢኮው እንደገና ተመልሶ የሚገባበት መጠን) 45 በመቶ። ሪቨርቡ (የክፍል ድምፅ ጭራ) ሆል፣ ማለት የትልቅ አዳራሽ ነው፣ 3.8 ሰከንድ፣ ፕሪዲሌይ (ጭራው እስኪጀምር ያለው ቆይታ) ዜሮ፤ እያንዳንዱ ትራክ ላይ ኢንሰርት (ትራኩ ውስጥ በቀጥታ የገባ) ሆኖ 25 በመቶ ተቀላቅሏል። ዋሽንቱ ሰፋ እንዲል ኮፒ አድርጌ አንዱን ሙሉ ግራ፣ ሌላውን ሙሉ ቀኝ ወስጄ ቀኙን 12 ሚሊሰከንድ አዘግይቼዋለሁ።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ዲሌዩ ከከበሮው ጋር ይጣላል። በዝግታ ዘፈን ላይ ያው ፕሪሴት ያምራል፤ ችክችካ ላይ ግን ሌላ ሰው ከኋላ ያለ ቦታው የሚያጨበጭብ ይመስላል።

2. ዋሽንቱ በጆሮ ማዳመጫ ሰፊና ቆንጆ ነው። በስልክ ስፒከርና በባጃጅ ግን አንዳንድ ኖታ ላይ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል።

3. ዳስ ውስጥ ከስልክ ወደ ሚክሰር ሰክተን ስንከፍተው ድምፃዊው ጭራሽ የለም። የሚሰማው ኢኮው፣ የተቀባዮቹ ጠርዝና ዋሽንቱ ነው። ቤዙና ከበሮውም ወረቀት ሆኑ። ሞንታርቦው ደህና ነው፤ ማይክ ሲሰካበት ይሠራል። ሪቨርቡ በዛ ብዬ ወደ 10 በመቶ ባወርደውም ለውጥ የለም።

---

ሽቦና ብየዳ (ፍኖተ ሰላም)

ከሦስተኛው ልጀምር፣ እሱ የሚክስ በሽታ አይደለምና። የገመድ ነው። ሪቨርቡን በከንቱ ነው የቀጣኸው።

ከስልኩ የሚወጣው ትንሽ ጃክ ላይ ጫፉ ግራ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቀለበት ቀኝ፣ እጀታው ግራውንድ። የገመዱ ሌላው ጫፍ አንድ ነጠላ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ነው አይደል? እሱም ሁለት ጥቁር መስመር ያለው፣ ማለትም ባለ ሦስት ክፍል? ሚክሰሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ባላንስድ ከሆነ ይህን ጃክ እንደ ስቴሪዮ አያየውም። ጫፉን ፖዘቲቭ፣ ቀለበቱን ኔጋቲቭ ብሎ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ለማይክ ገመድ ይህ መልካም ነው፤ መንገድ ላይ የተለቀመ ጉርምርምታ ሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሚገኝ በቅነሳው ይጠፋል። አንተ ግን የሰጠኸው ግራና ቀኝን ነው። ግራ ሲቀነስ ቀኝ። መሃል የተቀመጠ ነገር ሁሉ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ዜሮ ይመጣል፦ ድምፃዊ፣ ቤዝ፣ ከበሮ። በግራና በቀኝ የሚለያየው ብቻ ይተርፋል፦ ስቴሪዮ ዲሌይ፣ የሪቨርብ ጭራ፣ ጎን ላይ ያሉ ተቀባዮች፣ ያ የዘገየው ዋሽንት። የጻፍከው ዝርዝር ራሱ ምርመራው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ ሥር፣ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ። እሱን አብራና በዚያው ገመድ ክፈተው። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ጭራሹን ጸጥ ይላል። ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ገመዱ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

መፍትሔው ከአንድ ትንሽ ስቴሪዮ ጃክ ወደ ሁለት ሞኖ 6.35 የሚከፈል ገመድ ነው፤ ሞኖ ማለት አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ያለው። ሁለት ላይን ቻናል ላይ ስካቸው። ስፒከሮቹ በስቴሪዮ ከተዘረጉ አንዱን ቻናል ግራ ሌላውን ቀኝ፣ ካልሆነ ሁለቱንም መሃል። ማይክ መግቢያ ላይ አትስካ፣ ጌይኑ ስለሚበዛ ይቀደዳል።

ያለህ አንድ ቻናል ብቻ ከሆነ ግራና ቀኝን በቀጥታ አንድ ላይ እንዳትበይዳቸው። የስልኩ ሁለት መውጫዎች እርስ በርስ እየተገፋፉ ድምፁ ይበላሻል። ከግራው ሽቦ አንድ 1 ኪሎኦም ሪዚስተር፣ ከቀኙም አንድ 1 ኪሎኦም አውጣና የሁለቱን ሌላ ጫፍ አገናኝተህ ወደ ሞኖው ጃክ ጫፍ ውሰድ፤ ግራውንድ ከግራውንድ። ሪዚስተሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጃኩ ቆብ ውስጥ ይገባሉ፣ እግራቸውን በሽፋን ብቻ ለይ። ገመዱ ባላንስድ ስላልሆነ ከ3 ሜትር አይብለጥ፤ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር አብሮ አይታሰር።

ሁለቱ ጃክ ካለ በኋላም አንዱን ብቻ ሰክቶ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ የግራው ግማሽ ብቻ ይሰማል፣ የቀኙ ዲሌይህ በሙሉ የለም። ስለዚህ ከዘፈኑ ላይ ቢጎድል የማይቻል ነገር በአንድ ጎን ብቻ አታስቀምጥ።

---

ጢስ ዓባይ (ባሕር ዳር)

ጋሼ ሦስተኛውን ጨርሰውታል። አንደኛው የሂሳብ ነው።

60,000ን በምቱ ቁጥር አካፍል፣ የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይወጣል። ያንተ 60,000 ለ125፣ 480 ነው። እስከዚህ ሁሉም ያውቀዋል። ስህተቱ የሚመጣው 480ን ለስንት እንደምንከፍለው ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ ፕሪሴታቸውን የሠሩት ምቱ ለሁለት፣ ለአራት ለሚከፈል ዘፈን ነው። ችክችካ ለሦስት ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ጭብጨባውም ከበሮውም ያሉት 0፣ 160፣ 320፣ 480 ላይ ነው። አንተ የመረጥከው አንድ ስምንተኛ 240 ላይ ይወድቃል፤ ከ160ም ከ320ም እኩል 80 ሚሊሰከንድ ይርቃል። ባለ ነጥቡ ደግሞ 360 ላይ ነው፤ ከበሮው 320 ላይ ከመታ ከ40 ሚሊሰከንድ በኋላ። ይህ የባሰ ነው። 80ው ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ይመስላል፣ 40ው ግን እጁ የከዳው ከበሮ መቺ። ከኋላ የሚያጨበጭበው ሰው እሱ ነው።

ግራውን 320፣ ቀኙን 480 አድርግ። ምክንያቱን ተመልከት፦ አንድ ባር ሁለት ምት ነው፣ 960 ሚሊሰከንድ። ግራው 320፣ 640፣ 960 ላይ ይመልሳል። ቀኙ 480፣ 960። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት፣ የባሩ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ሦስት ለሁለት ችክችካው ራሱ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ትከሻ የሚመታ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ዲሌዩ ከዘፈኑ ጋር የሚጨፍረው ያን ጊዜ ነው።

ሪዲሌይ (የሪፐር የራሱ ዲሌይ ፕላጊን) ላይ እንዲህ ነው። ርዝመቱን የሚወስኑ ሁለት መስመሮች አሉ፣ አንዱ በሚሊሰከንድ፣ ሌላው በኖታ። ሁለቱ ይደመራሉ። የኖታውን ዜሮ ሳታደርግ 320 ብትጽፍ የምትሰማው 320 አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ፕላጊኑን የሚረግመው። የኖታውን ዜሮ አድርግ፣ በሚሊሰከንዱ 320 ጻፍ፣ ፓኑን ሙሉ ግራ። ከዚያ ሁለተኛ ታፕ (ሌላ የዲሌይ መልስ) ጨምር፣ 480፣ ሙሉ ቀኝ። ፊድባኩ በዴሲቤል ስለሆነ 45 በመቶ ያልከው ወደ 7 ዴሲቤል ዝቅ ማለት ነው። ይበዛል። ወደ 10.5 አውርደው፣ 30 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሃይፓስ (ከሱ በታች ያለውን የሚቆርጥ) 300፣ ሎውፓስ (ከሱ በላይ ያለውን የሚቆርጥ) 4,500 ሄርዝ። ድራዩን እስከ ታች አውርደው፤ ሴንድ (የትራኩ ድምፅ ኮፒ ወደ ሌላ ትራክ የሚላክበት መስመር) ላይ ያለ ኤፌክት ደረቁን ድምፅ ድጋሚ መልቀቅ የለበትም።

ሎውፓሱን እንደ ጌጥ አትየው። ገደል ማሚቶ ላይ የምትሰማው መልስ ከጮኸው ሰው ሁልጊዜ የደበዘዘ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ብሩህ ሆኖ የተመለሰ ዲሌይ ከድምፃዊው ጎን የቆመ ሌላ ድምፃዊ ይመስላል፣ የደበዘዘው ወደ ኋላ ይሄዳል። ከገደሉ ፊት 86 ሜትር ርቀህ ብትጮህ ድምፅህ በግማሽ ሰከንድ ይመለሳል (በሰከንድ 343 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 172)። ያንተ ቀኝ ዲሌይ 480 ስለሆነ አድማጩን 82 ሜትር ገደል ፊት እያቆምከው ነው። ያን ያህል ርቀት ያለው ነገር በጥርት ብሎ ከመጣ ጆሮ አያምንም።

በ125 ቁጥሩ ያማረው በአጋጣሚ ነው። 118 ቢሆን 508.5፣ 339 እና 169.5 ነው። አሥርዮሹን አትናቀው ለማለት አይደለም፣ 1 ሚሊሰከንድ ማንም አይሰማውም፤ 20ን ግን ሁሉም ይሰማዋል።

---

ዳንግላ 48

ዋሽንቱ ላይ ያደረግከው ሃስ ይባላል። ሄልሙት ሃስ በ1949 ያሳየው ነገር ነው፦ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ በትንሽ ልዩነት ሲመጣ ጆሮ ሁለት ብሎ አይቆጥረውም፣ ቀድሞ ከደረሰው አቅጣጫ እንደመጣ አንድ ድምፅ ይሰማዋል። ስፋቱ ከዚያ ነው። ችግሩ ይህ የሚሠራው ግራና ቀኝ ተለያይተው ጆሮህ ከደረሱ ብቻ መሆኑ ነው። ስልኩ፣ ባጃጁ፣ ደከም ያለ ኤፍኤም፣ ሁሉም ሁለቱን ደምረው በአንድ ቀዳዳ ነው የሚያወጡት። ያን ጊዜ ዋሽንቱ 12 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ራሱ ጋር ይደመራል። የአንዱ ሞገድ ሲነሳ የሌላው ሲወርድ የተገጣጠመበት ፍሪኩዌንሲ ይጠፋል። በ12 ሚሊሰከንድ ጉድጓዶቹ በየ83 ሄርዙ ይመጣሉ፤ ለዚህ ነው ማበጠሪያ የሚሉት፣ በሥዕል ሲታይ ጥርስ ነው።

ወንድ ድምፅ ላይ ብታደርገው ድምፁ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስላል እንጂ አይጠፋም፤ ብዙ ሃርሞኒክስ (ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ስላለው አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍናል። ዋሽንት ግን ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ የለውም። ዋናው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ኖታው ሄደ ማለት ነው። ያንተን አምባሰል ከሬ ተነስቼ አስልቼዋለሁ፣ ሁለቱ ኮፒዎች እኩል ናቸው ብዬ፦

587 ሄርዝ፦ ምንም አይነካውም
622 ሄርዝ፦ 20 ዴሲቤል ይወርዳል
784 ሄርዝ፦ 11 ዴሲቤል ይወርዳል
880 ሄርዝ፦ ከ14 በላይ
932 ሄርዝ፦ ከ2 በታች

587 እና 622 በኪቦርድ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው። አንዱ በሙሉ ኃይሉ ይሰማል፣ ጎረቤቱ የለም። አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ደግሞ ያ የተጠጋ ሁለተኛ ኖታ ነው። ባጃጅ ውስጥ የጠፋህ ዋሽንቱ ብቻ ሳይሆን ቅኝቱም ነው።

ሰዓቱን 12 ወደ 15 ወይም ወደ 20 መቀየር አያድንም፤ ጉድጓዱ ወደ ሌላ ኖታ ይሄዳል። ከዚያ የባሰው አንዱን ኮፒ ፖላሪቲውን (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጦ ስፋት አገኘሁ ማለት ነው፤ ያ በሞኖ ድራሹ ይጠፋል።

እንዲህ አድርግ፦ ደረቁን ዋሽንት አንድ ብቻ አስቀር፣ ወደ ቀኝ 25 በመቶ ያህል። ሁለተኛውን ኮፒ መተው ካልፈለግህ ወደ ግራ ውሰድና ከደረቁ 12 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው። በዚያ መጠን በሞኖ ሲደመር ከፍ የሚለው እስከ 2፣ የሚወርደው እስከ 2.5 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ከሁሉም በፊት ግን ማስተር ላይ የሞኖ ቁልፍ በቀላሉ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ኮሪሌሽን ሜትር (ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚያሳይ) ካለህ መርፌው ከዜሮ በታች ተኝቶ ከቆየ አንድ ነገር ሞኖ ላይ እየሞተ ነው።

---

ጢስ ዓባይ

በሃስ ነገር ከዳንግላ ጋር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የምስማማው። ጭብጨባ ላይ ተጠቀምበት፣ ኖታ ስለሌለው የሚጠፋ ኖታ የለም። 15 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ በሞኖ ትንሽ ቀለሙ ይቀየራል እንጂ ጭብጨባነቱ አይቀርም። ተቀባዮቹ ላይ ግን ምንም ዘዴ አትጠቀም። ሁለት ጊዜ ይዘምሩ፣ አንዱን ቅጂ ግራ ሌላውን ቀኝ። ሰው ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት መዝፈን ስለማይችል ጉድጓዱ አንድ ቦታ አይቆምም። ከየትኛውም ፕላጊን ይሻላል፣ ዋጋው የሦስት ሰዎች አሥር ደቂቃ ነው።

---

ዳንግላ 48

ጭብጨባው ይሁን። ከበሮው ላይ ግን እንዳይሞክረው።

---

የማሲንቆ ጭራ (ሞጣ)

ወንድምዓለም፣ ሁሉም ስለ ዲሌይ ሲሉ ያ 3.8 ሰከንድ ሆል ዝም ተባለ። ለኔ ትልቁ ጥፋት እሱ ነው።

መጀመሪያ ከኢንሰርት አውጣው። ሰባት ትራክ ላይ ሰባት ሪቨርብ ማለት ሰባት አዳራሽ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም ይደክማል፣ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይቀራል። ሁለት ሪተርን ትራክ (በሴንድ የተላከውን የሚቀበል) ክፈት፣ ሁለቱም መቶ በመቶ ዌት፣ ማለት ኤፌክቱ ብቻ። የመጀመሪያው ትንሽ ክፍል፣ 0.5 ሰከንድ። ሁለተኛው ፕሌት፣ 1.3 ሰከንድ። ፕሌት ማለት በ1957 ከወጣው ኢኤምቲ 140 የመጣ ነው፤ እውነተኛው ወደ 270 ኪሎ የሚመዝን ማሽን ሆኖ ውስጡ የተወጠረ የብረት ሰሌዳ አለ። ብረቱ ላይ ድምፁ ወዲያው ስለሚጠቀጠቅ የግድግዳ ርቀት አይሰማበትም። ድምፃዊውን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ሳያስገባ ያለብሰዋል፣ ለዚህ ነው ለድምፅ የምመርጠው።

ለምን 1.3 አልኩ? የሪቨርብ ሰከንድ የሚለካው ጭራው 60 ዴሲቤል እስኪወርድ ነው። ያንተ ባር 0.96 ሰከንድ ስለሆነ 3.8 ማለት አራት ባር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የመጀመሪያው ቃል ጭራ ሳይሞት የስንኙ ግማሽ ያልፋል። ትዝታ ሜጀር ቢሆን ትንሽ ይቅርልህ ነበር፤ በውስጡ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ኖታዎች ስለሌሉ አንዱ በሌላው ላይ ቢያንዣብብም ይዋደዳሉ። አምባሰል ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ አለው፣ አንቺሆዬም እንዲሁ። የሬ ጭራ 587 ላይ እያለ ዘፋኙ 622 ሲይዝ ልዩነቱ 35 ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ 35 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ያ ነው ሚክሱ ላይ ምኑ እንደሆነ የማይታወቅ ሻካራ ነገር የሚሆነው። ሰው ኢኪው (ፍሪኩዌንሲ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ) ይዞ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም።

ፕሪዲሌይ 40 ሚሊሰከንድ ስጠው። ከ160ው ሩቡ ነው፣ ምቱን አይነካም፤ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለው ተነባቢ ሳይሸፈን ካለፈ በኋላ ጭራው ይመጣል። ዜሮ ስታደርገው ድምፃዊውን ከጀርባው ግድግዳ ጋር አጣብቀኸዋል። ከሪቨርቡ በፊት ኢኪው አስገባ፣ ሃይፓስ 300፣ ሎውፓስ 6,000።

ማሲንቆው ፕሌቱ ውስጥ አይግባ። ማሲንቆ ዘፋኙን እየተከተለ በዚያው ከፍታ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱ አንድ ጭራ ከተጋሩ ጭራው የማን እንደሆነ አይለይም። ትንሹን ክፍል ብቻ ስጠው። ደረቁን ወደ ግራ 30 በመቶ፣ ከዚያ አንድ ነጠላ ዲሌይ 100 ሚሊሰከንድ፣ ፊድባክ ዜሮ፣ ሙሉ ቀኝ፣ ከደረቁ 14 ዴሲቤል ዝቅ። የሚሰማ ነገር አይመስልም፤ ስታጠፋው ግን ማሲንቆው ይሸበሸባል። የጭራው ፍትጊያ ቀኙ ላይ እያስነጠሰ ካስቸገረህ የዚህን ዲሌይ ሎውፓስ ወደ 3,000 አውርደው።

ቤዝ ምንም አያገኝም። ከበሮው ትንሹን ክፍል በስሱ፣ ሃይፓሱ 200 ላይ ሆኖ። የከበሮው ትልቁ ፊት ያለው ጉምታ ሪቨርብ ውስጥ ከገባ ዳስ ውስጥ ማዕበል ነው።

መጠኑን ስታስተካክል ዘፈኑ ሙሉ እየተጫወተ ይሁን፣ ሶሎ አድርገህ አይደለም። ሴንዱን ሪቨርቡ መኖሩ እስኪታወቅህ ከፍ አድርግ፣ ከዚያ 3 ዴሲቤል መልስ። አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ የተቀረጸበት ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል ነው? ከሆነ ትንሽ ክፍል አስቀድሞ ገብቶበታል፣ ፕላጊን አያወጣውም። የመጀመሪያውን ሪቨርብ ድምፃዊው ላይ ጭራሽ ተወው፣ ፕሌቱ ብቻ ይበቃል። ለሚቀጥለው ቅጂ ከማይኩ ኋላ ሳይሆን ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ማይኩ ፊቱን ያዞረው ወደዚያ ነው።

---

ጮቄ ቢት

እግዜር ይስጥልኝ። 320 እና 480 ገጠመ፣ ከኋላ የሚያጨበጭበው ሰውዬ ሄደ። ፕሌቱም ገባ። አዎ እህትዓለም፣ ቆርቆሮ ነው፣ እንዳልሽው ትንሹን ክፍል ከድምፁ ላይ አነሳሁት።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ድምፃዊው ቃል ሲያበዛ ዲሌዩ ግጥሙን ይሸፍናል፤ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ስንኝ መጨረሻ ላይ ባዶ ይሆናል። ስ እና ሽ ደግሞ ግራና ቀኝ ይረጫሉ። ሁለተኛ፣ ማሲንቆው ያለ ክሊክ ስለተቀረጸ መጨረሻው ላይ ምቱ ወደ 131 ይሄዳል።

---

ጢስ ዓባይ

ለቃሉ፦ ዲሌዩ ካለበት ሪተርን ላይ፣ ከዲሌዩ ቀጥሎ፣ ሪኮምፕ (የሪፐር ኮምፕረሰር፣ ድምፅ ከፍ ሲል የሚጫን) አስገባ። የዚያን ትራክ ቻናል ወደ 4 አሳድግ፣ ከድምፁ ትራክ ሌላ ሴንድ ወደ 3/4 ላክበት፣ ሪኮምፕ ላይ ዲቴክተሩን ኦግዚለሪ አድርግ። ሬሾ 4፣ አታክ 5 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ 250። ትሬሾልዱን ድምፃዊው ሲዘፍን 6 ዴሲቤል እስኪጫን አውርድ። ሲዘፍን ዲሌዩ ያጎነብሳል፣ ስንኙ ሲያልቅ ቀና ይላል። ሪሊዙን 100 ብታደርገው በቃላት መካከል እየዘለለ ብቅ ይላል፤ 600 ብታደርገው የመጀመሪያው መልስ ያመልጥሃል። የሪተርኑን ፌደር ያን ጊዜ ሳትፈራ ከፍ ማድረግ ትችላለህ።

ለስ እና ሽ፦ ዲኤሰሩ (የስ እና ሽን ፉጨት የሚቀንሰው) ከዲሌዩ በፊት፣ እዚያው ሪተርን ላይ ይሁን። ከድምፁ ትራክ ላይ የምትቆርጠውን ያህል ሳይሆን ጠንከር አድርገህ፣ 8 ዴሲቤል ድረስ፤ እዚያ ማንም ደረቁን አይሰማውም። ዲሌዩን ደግሞ ትንሽ ወደ ፕሌቱ ላከው፣ 12 ዴሲቤል ዝቅ አድርገህ። ጠርዙ ይለሰልሳል።

ለምቱ፦ በ131 አንድ ምት 458 ነው፣ ሁለት ሦስተኛው 305። በ480 ከተውከው መጨረሻው ላይ 22 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ እንዳልኩት ይሰማል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቴምፖ ማፕ (ምቱ የት እንደሚፈጥን ለፕሮግራሙ የሚነግር) ሠርቶ ዲሌዩን በኖታ ማሰር ነው፤ ያኔ የሚሊሰከንዱን መስመር ዜሮ አድርገህ በኖታው ላይ፣ ስምንተኛ እየቆጠርክ፣ ግራውን 1.333፣ ቀኙን 2 ትጽፋለህ። ሌላው ርዝመቱን በአውቶሜሽን መቀየር ነው፤ ግን ድምፃዊው ዝም ባለበት ቦታ ላይ ብቻ። ዲሌዩ ውስጥ ድምፅ እያለ ርዝመቱን ብታንቀሳቅስ እንደ ካሴት ይጎተታል ወይም ይንጣጣል።

---

ሽቦና ብየዳ

ስታወጣው ሬንደር ላይ ቴይል የሚለውን አብራ፣ 3,000 ሚሊሰከንድ። አለበለዚያ የመጨረሻው ዲሌይ አንገቱ ተቆርጦ ይወጣል። ለሰርግ የምትሰጠውን ደግሞ ለብቻው ሞኖ አድርገህ አውጣው፣ ፕሌቱን 3 ዴሲቤል ቀንሰህ። ሁለቱ ስፒከሮች 10 ሜትር ተራርቀው ሲቆሙ አንዱ ሥር የተቀመጠው ሰው ሌላውን የሚሰማው ከ29 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው፤ ስቴሪዮህ እሱ ጋ አይደርስም። አዳራሽ ከሆነ የራሱ ሪቨርብ አለው፣ ዳስ ከሆነ ጨርቁ ይውጠዋል። ገመዱን ፈተሽከው ወይስ ገና?

---

ጮቄ ቢት

ፈተሽኩት ጋሼ። ሞኖ ኦዲዮውን አብርቼ በዚያው ገመድ ስከፍተው ጭጭ አለ፣ እርስዎ እንዳሉት። ወዲያው ለሁለት ቆርጬ ጣልኩት።

---

ሽቦና ብየዳ

ምን አስቆረጠህ! ሂድና ትንሹ ጃክ ያለበትን ግማሽ አንሳው። ውስጡ ሦስት ሽቦ ታገኛለህ፤ ቀለሙን አትመን፣ በመልቲሜትር ጫፉ የቱ እንደሆነ፣ ቀለበቱ የቱ እንደሆነ ለይ። ሁለት ሞኖ ጃክ ግዛና ጫፉን ወደ አንዱ፣ ቀለበቱን ወደ ሌላው፣ ግራውንዱን ለሁለቱም በይድ። የምትፈልገው ገመድ እሱ ነው።